የመምህር ጥላዬ ክብደት

መምህር ጥላዬ ዐርፈዋል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጡረታ ቢወጡም እንደ ልማዳቸው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ሲያስረዱ ቆይተው፣ ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ከጓሳ ደጋ በኩል ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ተማሪዎቹ እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአጠገባቸው አለፉ። ጉሙ ገለጥ ሲል ዘበኛው «ይበርድዎታል፣ ይነሡ» ሊላቸው ቢቀርብ የሚሰማው አላገኘም። በማግሥቱ እሑድ ቀበርናቸው።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ላስተማሯችሁ፣ ለመከሯችሁ፣ በገበያ መንገድ ላይ አስቁመው «ይህን በግ ተሸክመህ ብትሮጥ ትከሻህ ምን ይልሃል?» እያሉ ራሳችሁን ላዞሯችሁም ጭምር። እውነቱን ለመናገር ግን ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከቀብሩ ወዲህ «የመምህሩ ቃሬዛ ለገመ» የሚል ወሬ በከተማችን ይናፈሳል። በእኛ አገር አስከሬን ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሲከብድ ቤቱን መለየት አልወደደም ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲከብድ ደግሞ በልቡ ቅሬታ ይዞ ሄዷል፣ ይቅር ያላለው ሰው አለ ይባላል። የመምህር ጥላዬ ቃሬዛ በሁለቱም ቦታ ከብዷል። ባለቤታቸው እትዬ በለጡ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከእሳቸው ጋር ጥቂት ተቀያይመው ነበርና፣ ወሬው ሲደርሳቸው ይቅር ያልተባልሁት እኔ ነኝ ብለው እንቅልፍ አጡ። እኔ ከቃሬዛው ሥር ከነበሩት አንዱ ነኝ። ተማሪያቸው ነበርሁ፤ ጡረታ ሲወጡ የፊዚክስ ክፍላቸውን የተረከብሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ዝም ብል አያምርብኝም።

መምህር ጥላዬን መጀመሪያ ያየኋቸው ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ ዓይናቸው ከራሳችን በላይ አልፎ በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው ይሄዳል። እኛም ምን እንዳዩ ለማወቅ ዞር እንላለን። ከጉምና ከሣር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን እዚያ የተጻፈ ነገር እንደሚያነብ ሰው ቀስ እያሉ ይናገሩ ነበር። የእሳቸው ክፍለ ጊዜ ነቅቶ ሕልም እንደ ማየት ነበረ። ደወሉ ሲደወል ብዙዎቻችን የት እንደ ነበርን ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ይፈጅብን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገብተው ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ሰሌዳው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉና «ማስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እንግሊዝኛው ጆሮው ያልገባ፣ ሆኖም ሳይመልስ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነበርሁ። እጄን አወጣሁ።

«መቆፈር ነው፣ ቲቸር» አልሁ። «ድንቹን ማስ እንደሚባለው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ጠመኔውን በጣቶቻቸው መካከል እያንከባለሉ ትንሽ አሰቡና ስሜን ጠየቁኝ።

«ተቀመጥ፣ ጌትነት። ፈረንጆቹ ያሉት ሌላ ነው፤ ያንተም ግን ይጠቅመናል» አሉ። «እስቲ አንድ ድንጋይ እንማስ። ቀለሙን ጣሉት። ቅዝቃዜውን ጣሉት። ክብደቱንም ጣሉት።»

«ክብደቱን ከጣልነው ምን ይቀራል፣ ቲቸር?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«የሚቀረውን ነው ማስ የሚሉት።»

ቀጥለው ክብደታችንን እየዞሩ ጠየቁን። ሁላችንም በኪሎ መለስን፤ ጤና ጣቢያ የተመዘነው የተመዘነውን፣ ያልተመዘነውም በግምቱ። ሁላችንንም ስሕተት አሉን። «ኪሎ የማስ መለኪያ ነው እንጂ የክብደት አይደለም። አገሩ በሙሉ ኪሎዬ ጨመረ፣ ክብደቴ ቀነሰ እያለ አንድ ላይ ያምሰዋል። ገበያ ላይ አትከራከሩ፤ ፈተና ላይ ግን እንዳትሳሳቱ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን ነገር ተናገሩ። «ክብደት መሬት ስትጠራችሁ የምትሰሙት ጥሪ ነው። ጨረቃ ላይ ብትወጡ ጥሪው ቀስ ይላል። ማስ ግን ማንም ባይጠራችሁ እንኳ አብሯችሁ ያለ ነው።»

ለዚህ ለማስ የሚሆን የአማርኛ ቃል አጥተው ለብዙ ቀን ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። መጽሐፉ የሚለው ቃል አልጣማቸውም ነበር። አንድ ጠዋት በማስተማር ላይ ሳሉ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚያርስ ገበሬ በሬው ትልሙ መካከል ቆሞ አልሄድ አለው። ገበሬው «ምነው ለገምህብኝ?» እያለ ለበሬው ሲያማርር በመስኮቱ ተሰማን። መምህር ጥላዬ ንግግራቸውን አቋርጠው ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ልግም» አሉ ቀስ ብለው። «አገኘነው። ማስ ማለት የነገር ልግም ነው። የቆመን ነገር ተነሣ ብትሉት ይለግማል። የሚሄደውንም ቁም ብትሉት ይለግማል። ልግሙን የሚያሸንፈው ጉልበት ነው። ጉልበቱ ሲበዛ ነገሩ ቶሎ ይፈጥናል፤ ልግሙ ሲበዛ ዘግይቶ ይፈጥናል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማስና ልግም በክፍላችን አንድ ቃል ሆኑ። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ «ማሴ በዝቶ ነው» ይላል። ቀልዱን ሰምተው ያልፉን ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የግንቡን ትምህርት ነው። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ነበረ። እዚያ ላይ ወጥተው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ሁለቱም እኩል መሬት ሲነኩ አንድ ድምፅ ሰማን። ትልቁን መሬት አብዝታ ከሳበችው ለምን አልቀደመም ብለን አፋጠጥናቸው። «አብዝታ ትስበዋለች፤ እሱም አብዝቶ ይለግማል። ስለዚህ ሁለቱም በወረዱ ቁጥር ፍጥነታቸው የሚጨምረው እኩል ነው» አሉ። «ያንን የፍጥነት ጭማሪ በማሱ ብታበዙት የምታገኙት ክብደቱን ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።» ከዚያ እኛን ተራ በተራ ከግንቡ እንድንዘል አደረጉን። «አየር ላይ ሳላችሁ ራሳችሁን አድምጡ። ማሳችሁ አለ፤ መሬትም አልተወቻችሁም። ክብደታችሁ ግን አይሰማችሁም፤ የሚያቆማችሁ ነገር የለምና።» ጉሙ ከግንቡ ሥር ተኝቶ ስለ ነበር መሬቱ አይታየንም። ዘለልን፤ ለአንዲት ቅጽበት ምንም አልከበደንም። ስናርፍ እንደ ገና ለመዝለል እየተጋፋን ወደ ግንቡ ተመለስን። ብዙ እናቶች በዝላዩ የተቀደደው ጫማ አናዷቸው ቅሬታ አቅርበዋል።

ይህ ሁሉ ጠመኔና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ አስናቀች ልንገራችሁ። ምጥ ሲይዛት እኔ መምህርነት ጀምሬ ነበር። ቤቷ ከጓሳ ጥግ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን በልቶት መኪና አይደርስም። መምህር ጥላዬ ወሬውን ሰምተው ከእኔ ጋር በእግር መጡ። በቃሬዛ ልንሸከማት ስንነሣ ወንዶቹ በሙሉ መሮጥ ፈለጉ፤ እኔም ከሁሉ በፊት። ጥቂት እንደ ሮጥን እህቴ በየእርምጃው ስታቃስት ሰማናት።

መምህር ጥላዬ ከፊታችን ቆሙና እጃቸውን አነሡ። «አትሩጡ» አሉ። «ሩጫው አይደለም የሚጎዳት፤ መነሣቱና መጣሉ ነው። ሽቅብ ባነጠራችኋት ቁጥር ትከብዳለች፤ እናንተም ትደክማላችሁ፣ እሷም ትታመማለች። እኩል ሂዱ። ፈጥናችሁም ቢሆን እኩል።»

ከዚያ በኋላ ከቃሬዛው ጎን ሆነው፣ አንድ እጃቸውን በእንጨቱ ላይ አሳርፈው፣ በዝግታ እርምጃ ያስቆጥሩን ጀመር። ሰው ሲቀያየር እንኳ ሳንቆም፣ ትከሻ ከትከሻ ጎን አስጠግተን እንድንቀባበል አደረጉን። ጉሙ ውስጥ ገባን። ከፊት ያለው ሰው ለኋለኛው አይታይም፤ የእግራችን ድምፅ በርጥቡ ሣር ውስጥ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ቃሬዛውን የያዝነው እኛ ሳንሆን እኛን የያዘን ቃሬዛው ይመስለኝ ነበር። አስናቀች ማቃሰቷን ተወች። ፈርቼ ብጠራት «ምነው፣ ደርሰናል እንዴ?» አለችኝ። በኋላ እንደ ነገረችን ከሆነ፣ ከአልጋዋ ላይ ያልተነሣች መስሏት ነበር። ጤና ጣቢያው ደርሰን በሰላም ተገላገለች፤ እሳቸውም ለማንም ሳይነግሩ በዚያው እግራቸው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ቀብሩ ልመለስ። እንዲህ ያስተማሩንን ሰው እኛ እንዴት እንደ ተሸከምናቸው መስማት አለባችሁ።

እሑድ ዕለት ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። በቤታቸው ደጃፍ ላይ ካህናቱ ጸሎታቸውን እንዳደረሱ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ከፈለኝ «ዝናቡ ሳይቀድመን በሉ ቶሎ አንሡ» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለሐዘንተኛው አስበው ነው። ከመሬት ላይ በአንድ ጊዜ ብድግ አደረግነው። ትከሻዬ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነገር ተጫነው። ከጎኔ ያለው ሰው «ውይ፣ ከበዱ እኮ» አለ። መንገዱን ስንይዝ ክብደቱ ወዲያው ቀለለ። በየምዕራፉ ለጸሎት ስንቆም ዝቅ እናደርጋለን፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ብድግ፤ ባነሣን ቁጥር ይከብዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ጠብታው ጀመረ። ከፊት ያሉት በድንጋዩ ደረጃ ላይ ዘለው ወጡ፤ ከኋላ ያለነው ተከትለን ሽቅብ ገፋን። በዚያች ቅጽበት ቃሬዛው እንደዚያ ከበደና ሁላችንም ባለንበት ተገተርን። ጋሽ ከፈለኝ ራሳቸውን ነቅንቀው «ለገመ» አሉ። ክፉ አስበው አልነበረም። የሰማ ሁሉ ግን ለጎረቤቱ አደረሰ፤ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ሐዘን ቤት ገባ።

በማግሥቱ እትዬ በለጡ ዘንድ ስሄድ ሰው ቀለል ብሎ ነበር። ከጎናቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ።

«ጌትነት፣ አንተ አትዋሸኝም» አሉ። «ከሥሩ ነበርህ። እውነት ከብዶ ነበር ወይ?»

አልከበደም ማለት ለእኔ ቀላል ነበር፤ ለሐዘንተኛ ደግሞ እንዲህ ያለው ውሸት ይፈቀዳል። ነገር ግን መምህር ጥላዬ እድሜያቸውን በሙሉ፣ ደስ ለማሰኘት ተብሎ የተሳሳተ መልስ አይሰጥም ሲሉኝ የኖሩ ናቸው። «አዎን፣ ከብዶ ነበር» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው። ደረቱን ያመው ስለ ነበር አትሂድ አልሁት። አልሰማም አለኝ፤ እኔም ለገዛ ጤናህ ካላሰብህ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ፊቴን አዞርሁበት። ሲወጣ ደህና ዋይ ብሎኛል፤ እኔ አልመለስሁለትም። በዚያው ሄደ።»

ከበሩ ጥግ በከፊል ውኃ የያዘ ጄሪካን ተቀምጧል። አምጥቼ ከፊታቸው አደረግሁትና «ይያዙልኝ፣ እትዬ» አልሁ። የዚያን ጊዜ አስተያየታቸው «ሐዘን ያዞረው እኔን ሳይሆን አንተን ነው» የሚል ይመስላል፤ ግን የመምህር ሚስት ናቸውና ለምን አላሉም። ይዘው አነሡት።

«አሁን ዝም ብለው ይያዙት። ቀጥለው በፍጥነት ወደ ላይ ብድግ ያድርጉት።»

አደረጉት። «ከበደ» አሉ።

«አሁን ዝቅ ያድርጉት።»

«ቀለለ።»

«ውኃው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?»

«ኧረ ያው ነው።»

«ጄሪካኑስ ቅሬታ ይዞብዎት ነው?»

ፈገግታ ቢጤ በከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ታየች። ቀብሩን ከመነሻው አስረዳኋቸው፤ ዝናቡን እንደ ፈራን፣ ብድግ ያደረግነው በጥድፊያ እንደ ሆነ፣ በደረጃው ላይ ሽቅብ እንደ ገፋነው። የእሳቸው ማስ አልጨመረም፤ ክብደቱን የጨመርነው እኛ ነን፣ በችኮላችን። እንደ አስናቀች ቃሬዛ እኩል ብንሄድ ኖሮ ማንም ከበዱ ባላለ።

«እንግዲያ በቤተ ክርስቲያኑ በር የከበደው ቸኩላችሁ ነው?»

«ቸኩለን ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከቀብሩ ወዲህ ትከሻቸው እንደዚያ ዝቅ ሲል አላየሁም። እኔም ሥራዬን እንደ ጨረሰ ሰው ደስ አለኝ። ቆየት ብለው ግን ዓይናቸውን ከጄሪካኑ ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«በቤቴ ደጃፍ ላይስ የከበደው?»

«እሱም ያው ነው፣ እትዬ።»

ጄሪካኑን ቀስ ብለው ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። የቤተ ክርስቲያኑ በር አስጨንቋቸው ነበር፤ የቤታቸው ደጃፍ ግን፣ ቤቱን መለየት አልወደደም የሚያሰኝ በመሆኑ፣ ያላቸው ብቸኛ መጽናኛ ነበር። ክፉውን ሳነሣ ደጉንም አብሬ ወሰድሁባቸው። ፊዚክስ ደግሞ ለአንዱ በር ብቻ አይሠራም።

«እሱ ይህን ነገር ምን ብሎ ነበር የሚያስተምራችሁ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ልግም ይሉት ነበር። የቆመ ነገር ሁሉ ተነሣ ሲሉት ይለግማል ብለው።»

«ሁሉም?»

«ማስ ያለው ሁሉ።»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ታዲያ ከቤቱ ተነሣ ስትሉት ለግሟል ማለት ነዋ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ወሬው በዚህ ይብቃ። መምህር ጥላዬ በማንም ላይ ቅሬታ ይዘው አልሄዱም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የከበደን የእኛው ጥድፊያ ነው፤ ይህንን ከቃሬዛው ሥር የነበረ ሰው ይመሰክራል።

መምህር ሆይ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። መሬት ሙሉ በሙሉ ይዛዎታለች፤ ከእንግዲህ የሚያነሣዎ፣ የሚጥልዎ፣ የሚያፈጥንዎ የለም። እትዬ በለጡ ያን ቅዳሜ ያልመለሱልዎትን ደህና ዋል አሁን በየጠዋቱ ከደጃፋቸው ላይ ቆመው ይመልሱልዎታል፤ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ስለ ልግም እሳቸው የሰጡኝን መልስ በመጽሐፉ ብንመዝነው ጉድለት ላያጣ ይችላል። ልግምና መውደድ አንድ አይደሉም ማለት ይገባኝ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ እርማትዎን በቀይ ይጽፉበት ይሆናል፤ እኔ ግን አላረምኋቸውም። ደህና ይሁኑ፣ ቲቸር። ዝናቡን ፈርተን ከቤትዎ ስላቻኮልንዎ ይቅር ይበሉን።